ነጻ የሚለው ቃል
የአዳራሽና የአደባባይ ክፍያ ታሪክ ከአገው ምድር አንጻር

ነጻ የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል። አንደኛው የማንም ተገዥ አለመሆን ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ ተስማምተው ቢኖሩም፣ በታሪክ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አብረው አልተጓዙም። ዋጋ ሳይከፍል የገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠበት ዘመን ነበር፤ ዋጋ ከፍሎ የገባውም ቀና ብሎ ያልተናገረበት ዘመን ነበር። እነዚህ ሁለት ፍቺዎች ፊት ለፊት ተገናኝተው የሚፈተኑበት ስፍራ ቢፈለግ ከሕዝብ አዳራሽ በርና ከከተማ አደባባይ መግቢያ የበለጠ አይገኝም።

የከተማ ምክር ቤት ተሰብስቦ አዳራሹን፣ ሜዳውንና አደባባዩን ማን በስንት ብር ይጠቀም፣ ማንስ ሳይከፍል ይጠቀም ብሎ ሲወስን ጉዳዩ ለብዙዎች የሒሳብ ሹም ሥራ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ከአኃዙ በስተጀርባ የቆመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ከተማይቱ የማን ናት የሚለው ነው። እድርተኛው ለቀስተኛውን የሚያስቀምጥበት፣ የትምህርት ቤት የቲያትር ክበብ ድርሰቱን የሚያሳይበት፣ ፈረሰኛው ፈረሱን የሚያሰግርበት ስፍራ ማግኘትና ማጣቱ በዚሁ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ወደ ውሳኔው ከመድረስ በፊት ያለፈውን መመርመር ይበጃል። ለዚህም ምርመራ እንጅባራንና ዳንግላን ያቀፈው የአገው ምድር፣ የዛሬው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በቂ ምስክር ነው።

ገበያና ግብር ቤት

አገው ምድር ከፋይነትን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ በዘለቀ ጊዜ፣ የዚያ አካባቢ አገዎች ማርና ቅቤ፣ የቀንድ ከብትም እየነዱ የጎንደርን ከተማ እንደሚቀልቡ ጽፏል። ነገሥታቱ ከሚኖሩበት ከተማ ርቆ የሚኖረው ገበሬ ለዚያች ከተማ ማዕድ ድርሻውን ያዋጣ ነበር፤ በከተማይቱ አዳራሽ ውስጥ ግን ስፍራ የነበረው በሹመኞቹ በኩል ብቻ ነበር።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ የጋራ ስፍራ አላጣም። ደጀ ሰላም ነበር፤ የዋርካ ጥላ ነበር፤ የወንዝ ዳር መስክ ነበር። በእነዚህ ስፍራዎች ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ፣ ማኅበርተኛ ጽዋውን ሲያነሣ የመቀመጫ ዋጋ የጠየቀው አልነበረም። በአንጻሩ ገበያው ክፍያ ያለበት ስፍራ ነበር። ነጋድራስ ተብሎ የሚሾመው ባለሥልጣን የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ተቆጣጣሪ በመሆኑ፣ በኬላውና በገበያው የሚያልፈው አሞሌና ቡና ሁሉ ለእርሱ ሒሳብ ነበረበት። ጎጃምን እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በቀረጥና በንግድ ገቢ አሰባሰባቸው ስማቸው የገነነ ነበር። በዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ባገለገለባቸው ዓመታት ከዚያች ከተማ እየተነሣ ጣናንና ዓባይን ሲያጠና፣ ዳንግላ የሩቅ አገር ሰው የሚያርፍባት ከተማ ነበረች።

ከደጀ ሰላሙና ከገበያው ሌላ ሦስተኛ ስፍራ ነበረ፤ እርሱም ግብር ቤት ነው። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ አዳራሽ የሚበላው እንጀራና የሚጠጣው ጠጅ አይሸጥም፤ ሁሉም ነገር በነጻ ነው። ነገር ግን ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን በፊተኛው ተራ ማን በኋለኛው ተራ እንደሚገባ ሥርዓቱ አስቀድሞ ወስኖታል። ጋሻ ጃግሬው የጌታውን ፊት አይቶ ይበላል፤ የበላውም በሌላ ቀን ውለታ ሆኖ ይቆጠርበታል። ግብር ቤት እንግዲህ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። ዋጋ አለመጠየቅ ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። ያለ ክፍያ የተሰጠ ነገር ሁሉ መብት አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ችሮታም ሊሆን ይችላል።

ማዘጋጃ ቤትና ምሕረት

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የከተሞች አዋጅ ማዘጋጃ ቤቶችን ሕጋዊ መሠረት ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ገበያው፣ ቄራው፣ መንገዱና አዳራሹ በአንድ ሹም ፈቃድ የሚመሩ መሆናቸው ቀርቶ በደንብና በታሪፍ የሚተዳደሩ መሆን ጀመሩ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ጠባብ ነበር። በ1946 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ የተሰጠው ቻርተር የከተማውን ምክር ቤት አባል የመምረጥን መብት ከማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ጋር አያይዞት ነበር። ቤት የሌለው ተከራይ በከተማው ይኖራል፣ ይሠራል፣ ይከፍላል፤ ስለ ክፍያው ግን ድምፅ የለውም። ክፍያን የሚወስነው ክፍያው የማይከብደው ሰው ብቻ በሆነበት ምክር ቤት፣ መክፈል ያልቻለውን ሰው የሚያስብ ድንጋጌ ቢጠፋ አያስደንቅም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከዚህ የሰፋ ሐሳብ አስገባ። ሕጉ በቁጥር 1445 የመንግሥት ወይም የሌላ አስተዳደር ክፍል የሆነ ንብረት በቀጥታ ለሕዝብ መገልገያ ሲተው፣ ወይም ለሕዝብ አገልግሎት ሲመደብ፣ ከሌላው የመንግሥት ሀብት የተለየ እንደሆነ ደነገገ። ቁም ነገሩ ይህ ነው። ማዘጋጃ ቤት የአደባባዩ ጠባቂ ነው እንጂ እንደ አከራይ ባለቤቱ አይደለም። ሕጉ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቢናገርም፣ ከወረቀቱ እስከ አዳራሹ በር ያለው መንገድ ረጅም ነበር።

በዚያው ዘመን ጎጃም ውስጥ የሆነው ነገር የችሮታንና የመብትን ልዩነት በደም ጻፈው። በ1960 ዓ.ም. የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ርስቴን ይለኩብኛል፣ ይነጥቁኛል ብሎ የሰጋውን የጎጃም ገበሬ ለዐመፅ አስነሣው። ጦር ዘመተ፤ መንደር ተቃጠለ፤ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ። ገበሬው ያገኘው ነገር ቀላል አልነበረም። ሆኖም የተሰጠው በምሕረት ስም ነበር። ምሕረት ደግሞ አስቀድሞ ጥፋተኛ መባልን ይፈልጋል። መክፈል የማይችለው ማን እንደሆነ፣ በምን ሚዛን እንደሚታወቅ፣ አቤቱታውንም ወዴት እንደሚያቀርብ አስቀድሞ የተጻፈ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ከጠመንጃ በፊት በዳኝነት ባለቀ ነበር። ያልተጻፈ ነጻነት ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስም የሰጪውን ስም ተሸክሞ ይደርሳል።

የቀበሌው አዳራሽ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተሞች ኑሮ ከሥሩ ተናጋ። ዝቅተኛ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሰው ኪራዩ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰለት፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። በዳንግላም ሆነ በሌሎች የጎጃም ከተሞች ቀበሌ የሚባል የሰፈር መንግሥት፣ ከእርሱም ጋር የቀበሌ አዳራሽ የሚባል አዲስ ስፍራ ተፈጠረ።

ለኪነ ጥበብ ይህ አዳራሽ ያደረገለትን ውለታ መካድ አይገባም። ከዚያ በፊት የቲያትር መድረክ ማለት በአዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነበር ለማለት ይቻላል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየገበሬ ማኅበሩ ፈሉ። በጎጃም የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን የገነነው በዚያ ዘመን ነው። በገንዘብ ተከራይቶ መድረክ ላይ መውጣት የማይችል ወጣት ሁሉ ከበሮና መሰንቆ ይዞ ያለ ክፍያ የሚወጣበት መድረክ አገኘ።

ነገር ግን በዚያው አዳራሽ የነጻ ሁለቱ ፍቺዎች ተለያዩ። የመግቢያ ዋጋ አልነበረም፤ መቅረት ግን ዋጋ ነበረው። የስብሰባ ጥሪ የደረሰው ሰው በስም ይጠራል፤ የኪነት ቡድኑም የሚዘፍነውን ዜማ ከመድረኩ በፊት ሌላ ሰው ያየዋል። ኪሱን ያልነካው አዳራሽ አንደበቱን ሊነካው ይችል ነበር። ግብር ቤት ውለታ ይጠይቅ እንደነበረ፣ የቀበሌ አዳራሽም ታዛዥነትን ጠየቀ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የክፍያ ነጻነት ሲደነገግ፣ ነጻ የተደረገው ሰው ምን ይናገር፣ ምን ይዝፈን የሚለው ሌላ ጥያቄ አብሮ መደባለቅ የለበትም። ሳትከፍል ግባ፣ ነገር ግን እንደ እኔ ተናገር የሚል ደንብ ክፍያውን ከኪስ ወደ ኅሊና አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

ከጤና ጣቢያ የተገኘ ትምህርት

ማን ይክፈል፣ ማን አይክፈል የሚለውን ጥያቄ በኢትዮጵያ ውስጥ ከሁሉም በላይ በዝርዝር የመለሰው የጤናው ዘርፍ ነው። በቀድሞው አሠራር ድኻ ሕመምተኛ ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ አጽፎ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ወረቀቱን ለማግኘት ሊቀ መንበሩን መጠበቅ፣ ማኅተም መለመን አለበት። ሕመሙ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ማኅተሙ ግን ይሰጣል። በሌላ በኩል ሆስፒታሉ በነጻ ላከመው ሰው የሚተካለት ገንዘብ ስለማያገኝ፣ ባለ ወረቀቱ ሕመምተኛ የማይፈለግ እንግዳ ይሆንበት ነበር። መብቱ የተሰጠው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ዕዳው የወደቀው በሌላ ላይ ነበርና።

በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ፣ በኋላም የአማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 117 ይህን አሠራር ለወጠው። አሠራሩ ሁለት ነገሮችን ለየ። አንደኛ፣ ለሀብታምም ለድኻም እኩል ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ፤ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የእናቶች ወሊድ አገልግሎትና የመሳሰሉት በዚህ ክፍል ናቸው፤ ምክንያቱም ጥቅማቸው ከአንዱ ሰው አልፎ ለኅብረተሰቡ ሁሉ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ክፍያ ያለባቸው ሆነው መክፈል ለማይችለው ሰው ብቻ ክፍያው የሚነሣባቸው አሉ፤ እነዚህን ሰዎች ሕመም ሳይመጣ አስቀድሞ ነዋሪው ራሱ ይለያቸዋል፣ የወረዳው አስተዳደርም ወጪያቸውን ለጤና ተቋሙ ይተካል። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የአዊ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ሁለቱ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። በዚያም መክፈል የማይችለው ቤተሰብ መዋጮው ከመንግሥት ተከፍሎለት ከጎረቤቱ ጋር እኩል የአባልነት ደብተር ያዘ።

ይህ አሠራር ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የድኾች መዝገብ በበጀት ልክ ስለሚዘጋ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ የደኸየ ሰው ደጅ ሊቀር ይችላል። ሆኖም መሠረተ ሐሳቡ የአዳራሽና የአደባባይ ደንብ ለሚያወጣ ምክር ቤት ሁሉ የሚበጅ ነው፤ ማን እንደሚማር አስቀድሞ ይታወቅ፣ ሚዛኑ ይጻፍ፣ ዕዳውን የሚሸከመውም በስሙ ይጠራ የሚል ነው።

የጥር 23 መስክ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት ገና ከአገር ሳይወጣ መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን አክብሯል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ፤ ግልቢያና ሶምሶማ ያሳያሉ። ቀኑ 23 መሆኑ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ በእርሱም በኩል ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ጋር ያስተሳስረዋል፤ በዓሉም በዐድዋ ከጀግኖቹ ጋር የዋለውን ፈረስ የሚያስታውስ ነው። የማኅበሩ አባላት ቁጥር ከ50 ሺህ በላይ እንደሆነ ሲነገር ቆይቷል።

ይህን በዓል በአንድ ከተማ የታሪፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የት እናስገባው? ሕዝብ የሚሰበሰብበት ትርዒት ነውና እንደ ሙዚቃ ዝግጅት አዘጋጅ ይክፈል ወይ? ወይስ ማኅበር ነውና እንደ ሌሎች ማኅበራት ግማሽ ዋጋ ይክፈል? ጥያቄው ሲቀርብ አንድ የተዘነጋ ሒሳብ አለ። ፈረሰኛው ወደ መስኩ ከመድረሱ በፊት ከፍሏል። ለአንድ ቀን ትርዒት ፈረሱን ዓመት ሙሉ ገብስ አብልቷል፤ ግላሱን አስጠልፏል፤ ኮርቻውንና ልጓሙን አሳምሯል፤ ከሩቅ ወረዳ ተነሥቶ ሌሊቱን ተጉዟል። ተመልካቹም ትኬት አይቆርጥም። ከበዓሉ የሚገኘው ገቢ የሚገባው በፈረሰኛው ኪስ ሳይሆን እንግዳ በሚያስተናግደው ምግብ ቤትና ማደሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው በዓል አደባባዩ ያለ ክፍያ ቢሰጥ ከተማይቱ ችሮታ አደረገች አይባልም፤ የተበደረችውን መለሰች ይባላል እንጂ።

የክርክሩ ሌላ ወገንም ሚዛን አለው። አደባባይ ይቆሽሻል፤ ጠራጊ ይፈልጋል። አዳራሽ መብራት ይበላል፤ ጣራው ያፈሳል፤ ወንበሩ ይሰበራል። ለሁሉም በነጻ የተሰጠ አዳራሽ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማንም የማይሆን ፍርስራሽ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜም ባለ ገንዘቡ በሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ድኻው ግን አማራጭ ያጣል። ስለሆነም ነጻ አገልግሎትን የሚወድ ሰው ከሁሉ በፊት ስለ ጥገናው ገንዘብ ማሰብ አለበት። ለሠርግ፣ ለንግድ ትርዒትና ለማስታወቂያ የሚከፈለው ሙሉ ዋጋ የዚህ ጥገና ምንጭ ሊሆን ይገባዋል።

የጥንት አቴናውያን ይህን ያውቁ ነበር። የቲያትር መግቢያ ሁለት ኦቦል በነበረ ጊዜ ድኻው ዜጋ እንዳይቀር መንግሥት ከራሱ ሣጥን ገንዘቡን ይሰጠው ነበር። ቲያትሩ ገቢውን አላጣም፤ ድኻውም ቲያትሩን አላጣም፤ ዕዳውን የተሸከመው የከተማው ግምጃ ቤት ነበር። ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ339 ዓመት ገደማ የመቄዶን ጦር ሲቃረብ ያ ገንዘብ ለውጊያ ይዋል ተብሎ ብርቱ ክርክር ተደርጎ ተወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም የታሪክ ጸሐፍት ይነጋገሩበት። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ክርክሩ በአደባባይ፣ በዜጎች ፊት መደረጉ ነው፤ የድኻ መግቢያ በጓዳ አልተሰጠም፣ በጓዳም አልተነሣም።

ከችሮታ ወደ ደንብ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት ተጥሎበታል። የአማራ ክልል ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ባወጣው የከተሞች አዋጅ ከተሞችን በራሳቸው ምክር ቤት እንዲተዳደሩ አድርጓል፤ አዊም የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው። እንግዲህ መሠረቱ ተጥሏል። የቀረው ይህን ከፍ ያለ ቃል ወደ አዳራሹ በር ማውረድ ነው።

ለዚህም ከታሪኩ የሚወጣው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። ለቅሶ፣ ዕርቅ፣ ሕዝባዊ በዓልና የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ እንደ ክትባቱ ለሁሉም ያለ ክፍያ ይሁን፤ ጥቅሙ የሁሉም ነውና። የትምህርት ቤት ክበብ፣ ጀማሪ የቲያትርና የሥነ ጽሑፍ ቡድን፣ የአካል ጉዳተኞችና የአረጋውያን ማኅበር እንደ ድኻው ሕመምተኛ አስቀድመው ተለይተው ይመዝገቡ፤ በየጊዜው ደጅ አይጥኑ። ትርፍ የሚፈልግ ሙሉ ዋጋ ይክፈል። የነጻው ቀን ዋጋ በበጀት መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ አዳራሹን የሚጠብቀው ሠራተኛ ነጻ ተጠቃሚን እንደ ሸክም እንዳያየው። ሚዛኑ በአማርኛም በአውንጂም ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ። የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ፤ ይግባኝ የሚልበትም ይኑረው። ከሁሉም በላይ፣ ነጻ የተደረገ ሰው በመድረኩ ላይ ስለሚናገረው ነገር የአዳራሹ ኃላፊ ዳኛ አይሁን።

የአገው ምድር ገበሬ ለጎንደር ማዕድ ማር አዋጥቷል፤ ለነጋድራሱ ቀረጥ ከፍሏል፤ በቀበሌው አዳራሽ በስሙ ተጠርቶ ተቀምጧል። ልጁ ዛሬ የጻፈውን ቲያትር ለማሳየት የከተማውን አዳራሽ ቢጠይቅ፣ መልሱ በሹሙ ፊት ላይ ሳይሆን በተጻፈው ደንብ ላይ ሊገኝ ይገባል። ያን ጊዜ ነጻ የሚለው ቃል ሁለቱም ፍቺው ይሟላል።